የቁልፎቻችን ቁልፍ ማን ዘንድ ይቀመጥ?

ከጥቂት ወራት በፊት የምሠራበት አነስተኛ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ቪዛዋ ድንገት ደረሰላትና በሳምንት ውስጥ ሻንጣዋን ሸክፋ ካናዳ ገባች። እንኳን ደስ አለሽ ብለን፣ ኬክ ቆርሰን፣ ፎቶ ተነሥተን ሸኘናት። ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የድርጅቱን ተጨማሪ እሴት ታክስ በኢንተርኔት ለማሳወቅ ስንቀመጥ ግን የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው በቢሮው ውስጥ አልተገኘም። እሷን የተካችው ልጅ አታውቅም። ሥራ አስኪያጃችን «እኔ ዘንድ አለ» ብለው ከመሳቢያቸው ማስታወሻ ደብተር አወጡ፤ በደብተሩ የሰፈረው ግን ከተለወጠ ዓመታት ያለፉት ሆኖ ተገኘ።

እዚያ ሌሊት ስለነበር ከእንቅልፏ እስክትነሣ ጠብቀን በቴሌግራም ደወልንላት። እየሣቀች ነገረችን። የልጇ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቀጥሎ የተወለደበት ዓመት፣ መጨረሻው ላይ ቃለ አጋኖ። ገባን። ከዚያ አንዱ ባልደረባችን ለቀልድ ያንኑ ቃል በድርጅቱ ኢሜይል ላይ ሞከረው፤ ተከፈተ። በድርጅቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ ሞከረው፤ ተከፈተ። ዕቃ ከምናዝዝበት የቻይና ድረ ገጽ ላይም እንዲሁ። ቢሮው በሣቅ ሞላ። እኔም ሥቄያለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን የልጁ የልደት ፎቶ፣ ስሙና ዕድሜው ከተጻፈበት ኬክ ጋር፣ በእናቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ ለማንም ተመልካች ክፍት ሆኖ እንደተቀመጠ ትዝ አለኝ። ድርጅታችን ለዓመታት የኖረው የማንም ዓይን ስላላረፈበት ብቻ ነበር።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጃችን ጠሩኝና «አንተ የኮምፒውተር ነገር ትወዳለህ፤ እስቲ አጥንተህ አንድ መላ አምጣ» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥናት ውጤት ነው።

ጉዳዩን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ፓስዎርድ ማኔጀር የሚባለው ፕሮግራም የይለፍ ቃሎቻችንን ሁሉ በአንድ የተመሰጠረ ካዝና ውስጥ የሚያኖር ነው። ለእያንዳንዱ አካውንት የተለያየ፣ ረጅምና ለግምት የማይመች ቃል ይፈጥራል፤ ያስታውሳል፤ ድረ ገጹ ሲከፈትም ይሞላል። አድራሻው በአንዲት ፊደል ብቻ የተለወጠ የማጭበርበሪያ ገጽ ሲከፈትለት ግን አይሞላም፤ ይህ ጥቅሙ ብዙ አይነገርለትም እንጂ የሰው ዓይን የሚሳሳትበትን ቦታ የሚሸፍን ነው። እኛ በቃላችን የምንይዘው ካዝናውን የሚከፍተውን አንድ ቃል፣ ማስተር ፓስዎርድ የሚሉትን ብቻ ነው። ኦንላይን የሆነው ዓይነት ካዝናውን በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሚያስቀምጠው ከቢሮም ከቤትም ከእጅ ስልክም ይገኛል።

«ታዲያ ቁልፌን ሁሉ ሰብስቤ ለማላውቀው የፈረንጅ ኩባንያ ልስጥ?» አሉኝ ሥራ አስኪያጃችን። የየዋህ ጥያቄ አይደለም። እንዲያውም ሰዎች እነዚህን ፕሮግራሞች ለማወዳደር ኢንተርኔት ላይ የሚያነቧቸው ሰንጠረዦች ይህን ጥያቄ አይመልሱም። ይህኛው ይህ አለው፣ ያኛው ይህ ይጎድለዋል እያሉ የ«ራይት» ምልክት ይደረድራሉ። ብዙዎቹም አንባቢው ሊንካቸውን ተጭኖ ሲገዛ ኮሚሽን የሚያገኙ ናቸው። እኔ ሰንጠረዦቹን ትቼ አንድ የተዘረፈ ኩባንያ ታሪክ ውስጥ ገባሁ።

ላስትፓስ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመሠረተና በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ተጠቃሚዎችን ያፈራ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 የአንድ የሶፍትዌር ባለሙያው አካውንት ተሰብሮ ከፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ ከፊሉ መሰረቁን ገለጸ፤ የደንበኞች ካዝና ግን አልተነካም አለ። በኖቬምበር መጨረሻ በመጀመሪያው ስርቆት በተገኘ መረጃ ተጠቅሞ ሌባው ተመልሶ መምጣቱን አመነ። ፈረንጆቹ ገናን ሊያከብሩ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ ዲሴምበር 22 ቀን፣ ዋናውን መርዶ አወጣ። የደንበኞች ካዝና ቅጂ ተወስዷል።

እንዴት እንደተወሰደ በሚቀጥለው ዓመት ፌብሩዋሪ ማብቂያ ላይ ሲገለጽ ነገሩ ከፊልም ይልቅ የሰፈር ሌብነት ይመስል ነበር። የካዝናዎቹን መጠባበቂያ ቅጂ ለመክፈት የሚያስፈልጉትን ቁልፎች ማግኘት የሚችሉት አራት ከፍተኛ መሐንዲሶች ብቻ ነበሩ። ሌባው የኩባንያውን ግንብ ከመግፋት ይልቅ ከአራቱ አንዱን መርጦ ቤቱ ድረስ ሄደ። ሰውየው በግል ኮምፒውተሩ ላይ ፊልምና ሙዚቃ ለማጫወት የሚያገለግል ፕሌክስ የተባለ ሶፍትዌር ጭኖ ነበር። ሶፍትዌሩ የታወቀ ቀዳዳ ነበረበት፤ መጠገኛው ከወጣ ሁለት ዓመት ቢያልፍም ሰውየው አላደሰውም። በዚያ ቀዳዳ የገባው ሌባ በኪቦርዱ የሚጻፈውን ሁሉ የሚመዘግብ ፕሮግራም ተከለና ማስተር ፓስዎርዱን እስኪጽፍ ጠበቀው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፤ ካዝናው የተመሰጠረ ከሆነ ቅጂው ቢወሰድ ምን ችግር አለው? ጥሩ ጥያቄ ነው። በካዝናዎቹ ውስጥ ያሉት የይለፍ ቃሎችና ማስታወሻዎች በርግጥ የተመሰጠሩ ነበሩ። የድረ ገጾቹ አድራሻ ግን አልተመሰጠረም ነበር። በሌላ አነጋገር ሌባው ካዝናውን ሳይከፍት ይህ ደንበኛ የየትኛው ባንክ ተጠቃሚ እንደሆነ፣ ያኛው ደግሞ ክሪፕቶ እንደሚገበያይ ያነባል። የደንበኞቹ ስም፣ ኢሜይል፣ ስልክና የክፍያ አድራሻም አብሮ ሄዷል። የትኛውን ካዝና ለመስበር ጊዜ ማጥፋት እንደሚያዋጣ የሚነግር ዝርዝር በእጁ ገብቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ የተሳሳተ ቃል ደጋግሞ የሚሞክር ሰው ይታገዳል፤ በስልክ የሚመጣ ኮድም ይጠየቃል። ቅጂውን ቤቱ የወሰደ ሌባ ግን የሚያግደው የለም፤ ኮድም የሚጠይቀው የለም፤ ዓመታት አሉት። ደንበኛው ነገ ማስተር ፓስዎርዱን ቢለውጥም የተሰረቀው ቅጂ የሚከፈተው በድሮው ቃል ነው። ሌባውን የሚያደክመው፣ ቃሉ ካዝናውን ከመክፈቱ በፊት በሒሳብ ወፍጮ ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ እንዲዞር መደረጉ ነው። ዙሩ በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ ግምት ጊዜና ገንዘብ ይበላል። ላስትፓስ ከ2018 ጀምሮ ዙሩን 100,100 አድርጎት ነበር። በሙያው የተከበረው ኦዋስፕ የተባለ ድርጅት በ2023 የመከረው 600,000 ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን የቆዩ ደንበኞች ጉዳይ ነው፤ ከነሱ መካከል በ5,000 ዙር የቀሩ ነበሩ፤ ከዚያም ያነሰ የተገኘባቸው አሉ። ማስተር ፓስዎርድ ቢያንስ 12 ፊደል ይሁን የሚለው ደንብም በ2018 ሲወጣ ነባሮቹን አላስገደደም። ኩባንያውን አምነው ቀድመው የገቡት ደንበኞች ከሁሉ የሳሳ በር ላይ ቀሩ። እኔን ከዚህ ታሪክ ውስጥ ያስቆጣኝ ይሄ ነው። ለአዲስ ገቢ የተሻለ መቆለፊያ አዘጋጅቶ የነባሩን አለማየት የቸልተኝነት ሁሉ ቁንጮ ነው።

ውጤቱ ቀስ እያለ መጣ። በሴፕቴምበር 2023 ብራያን ክሬብስ የተባለው የሳይበር ወንጀል ጋዜጠኛ ከ150 በላይ ሰዎች፣ ከ35 ሚሊዮን ዶላር በላይ ክሪፕቶ ተዘርፈው ተመራማሪዎች የሚያገናኛቸው ክር ላስትፓስ ሆኖ እንዳገኙት ጻፈ። ተዘራፊዎቹ ጀማሪዎች አልነበሩም፤ የክሪፕቶ ቦርሳቸውን መክፈቻ ቃላት በካዝናው የማስታወሻ ክፍል ያስቀመጡ፣ ስለ ደኅንነት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። በጃንዋሪ 2024 ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ክሪፕቶ ከአንድ ሰው ተሰረቀ፤ የአሜሪካ ፌዴራል መርማሪዎች በ2025 ለፍርድ ቤት ባቀረቡት ሰነድ ይህንንም በ2022 ከተዘረፈ የኦንላይን ፓስዎርድ ማኔጀር ጋር አያይዘውታል። በ2025 መጨረሻ ደግሞ የብሪታኒያ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር፣ እስከ 1.6 ሚሊዮን የሚደርሱ የሀገሪቱ ተጠቃሚዎች መረጃ በመውጣቱ፣ የላስትፓስን የብሪታኒያ ኩባንያ 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጥቶታል። እኛም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ያለ ደንበኛ ካሊፎርኒያ ወይም ቦስተን ያለ ኩባንያን በዚህ አዋጅ ይጠይቃል ብሎ ካዝናውን የሚሰጥ ካለ ብዙ ተስፋ የሰነቀ ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ለሥራ አስኪያጃችን ስነግራቸው «ያው እንዳልኩህ ነው፤ ደብተሩ ይሻላል» አሉ። እኔ ግን ከዚሁ ታሪክ የወሰድኩት ሌላ ነው። ከተሰረቁት ካዝናዎች መካከል ማስተር ፓስዎርዱ ረጅምና የማይገመት የነበረው፣ ቅጂው በሌባ እጅ ገብቶም በመገመት የሚከፈት አይደለም። ስለዚህ ኩባንያ ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት «ይዘረፋል ወይ?» ሳይሆን «የተዘረፈ ዕለት በሌባው እጅ የሚገባው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ይዘረፋል ብሎ መነሣት ይሻላል።

በዚህ መለኪያ ሲታዩ ኩባንያዎቹ እኩል አይደሉም። ዋንፓስዎርድ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ከማስተር ፓስዎርዱ ሌላ በደንበኛው መሣሪያ ላይ የሚፈጠርና በኩባንያው ሰርቨር የማይቀመጥ ሁለተኛ ምስጢራዊ ቁልፍ ይጠቀማል። ሌባ ሰርቨሩን ሙልጭ አድርጎ ቢወስድ ያ ቁልፍ ስለሌለው ግምት አያዋጣውም። በኔ ግምት ለድርጅት ከሁሉ የተሻለው አሠራር ይህ ነው፤ ነፃ አለመሆኑ ግን አለ። ቢትዋርደን ደግሞ ምንጭ ኮዱን ለማንም ባለሙያ ክፍት ያደረገ፣ የድረ ገጽ አድራሻዎችንም ጭምር የሚመሰጥር፣ በነፃው አገልግሎቱ የይለፍ ቃልም ሆነ የመሣሪያ ቁጥር የማይገድብ ነው። ኪፓስ ከሁለቱም ይለያል፤ ኩባንያም ሰርቨርም የለውም። ካዝናው በራስህ ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ አንድ ፋይል ነው። የሚዘረፍ ማዕከል የለም፤ ፋይሉ የጠፋ ዕለት የሚመልስልህም የለም። ፍላሽ ላይ አስቀምጦ ፍላሹን ታክሲ ውስጥ የጣለ ሰው አውቃለሁ፤ ቅጂ አልነበረውም።

እስካሁን ያልኩት ለንደን ለሚኖረውም ለናይሮቢውም ይሠራል። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የሚመርጥ ሰው ግን ሰንጠረዦቹ የማያውቋቸው ጉዳዮች አሉበት።

አንዱ የኢንተርኔት መቋረጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል መክረሙን የዘነጋ የለም። በትግራይ ለሁለት ዓመት ገደማ፣ በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ነበር። ኦንላይን ካዝና እንዲህ ባለ ጊዜ ምን ይሆናል? ቢትዋርደንም ሆነ ዋንፓስዎርድ የተመሰጠረ ቅጂ በስልኩና በኮምፒውተሩ ላይ ስለሚያስቀሩ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታሉ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ልዩነት አለ። ቢትዋርደንን «ሎክ» አድርገህ ከተውከው ያለ ኢንተርኔት በማስተር ፓስዎርዱ ትከፍተዋለህ። «ሎግ አውት» ካደረግህ ግን ቅጂው ከመሣሪያው ይጠፋል፤ ኢንተርኔት እስኪመለስም በሩ ተዘግቶ ይቆያል። ሥራውን ጨርሶ ለጥንቃቄ ሲል በየማታው ሎግ አውት የሚያደርግ ሰው ኢንተርኔት በሄደ ማግስት ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን የዘጋ ሰው ይሆናል። እኔ ስልኬን ከኢንተርኔት ነቅዬ ሞክሬዋለሁ፤ አንባቢም ዛሬውኑ ቢሞክረው ጥሩ ነው።

ሌላው ዶላር ነው። የሚከፈልባቸው አገልግሎቶች በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው የሚታደሱት። እኛ ሀገር የተለመደው መፍትሔ ሜሪላንድ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ በካርዱ እንዲከፍል መለመን ነው። የዘመድ ካርድ ጊዜው ሲያልፍ ወይም ዘመድ ሲረሳ የድርጅቱ ካዝና ጣጣ ውስጥ ይገባል። ነፃ የሆነውም ቢሆን ነፃ ሆኖ ይኖራል ማለት አይደለም። ላስትፓስ ራሱ በማርች 2021 ነፃ ተጠቃሚዎቹን ከኮምፒውተርና ከስልክ አንዱን ብቻ ምረጡ ብሎ ብዙዎችን ድንገት ላይ ጥሏቸዋል። ስለዚህ የትኛውንም ብንመርጥ ካዝናውን በፋይል አውጥቶ ወደ ሌላ መሄድ የሚቻል መሆኑን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ሦስቱም ከላይ የጠቀስኳቸው ይህን ይፈቅዳሉ።

ሦስተኛውን ለመናገር ትንሽ አፍራለሁ፤ የኛንም ቢሮ ስለሚነካ። ኮምፒውተሮቻችን ላይ ያለው ዊንዶውስ በአመዛኙ የተገዛ አይደለም። ኮምፒውተር ቤት ወስደን «ፎርማት አድርግልኝ» ስንል ልጁ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን ያጠፋል፤ ከዚያ ክራኩን ይጭናል። ክራኩ ይዞት የመጣውን ሌላ ነገር እሱም አያውቅ፣ እኛም አንጠይቅ። ብሮውዘር ውስጥ «ሴቭ» ተደርገው የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን ለቃቅሞ የሚልክ ቫይረስ ከሚጓዝባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። ያ የላስትፓስ መሐንዲስ የወደቀው ባልታደሰ የፊልም ማጫወቻ ነው፤ እኛ ደግሞ መሠረቱን ራሱን በክራክ ነው የምናቆመው። ኪቦርዱ ላይ የሚጻፈውን የሚያነብ ነገር ባለበት ኮምፒውተር ላይ ምርጡ ካዝና ዋጋ የለውም። ለሥራ አስኪያጃችን ያቀረብኩት የመጀመሪያ ሐሳብ ስለዚህ ፓስዎርድ ማኔጀር አልነበረም፤ ሒሳብ ለሚሠራባት አንዲት ኮምፒውተር ሕጋዊ ዊንዶውስ እንዲገዛ ነበር። ከሁሉ በላይ ያከራከረንም እሱ ነው። ገዙ።

ማስተር ፓስዎርዱን በተመለከተ አንድ ቀልድ ቢጤ ገጥሞኛል። ፈረንጅ ሌባ አማርኛ አይገምትም ብዬ በግዕዝ ፊደል ጻፍኩት፤ ከሳምንት በኋላ መክፈት አቃተኝ። «ሰ» ነው «ሠ»፣ «ሀ» ነው «ሐ» የጻፍኩት? ለጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያየ ቃል ነው። በዚያ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ መግቢያ የለውም። ኩባንያው ደግሞ ማስተር ፓስዎርዱን ስለማያውቀው ሊመልስልህ አይችልም፤ ደኅንነቱም እዚያ ላይ ነው። አሁን የምመክረው እርስ በርስ የማይገናኙ አምስት ወይም ስድስት የአማርኛ ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ተረትና ምሳሌ አይሁን፣ የዘፈን ስንኝም አይሁን፣ ከጸሎት የተወሰደም አይሁን፤ እነሱን ሌላ ሰውም ያውቃቸዋል። መዝገበ ቃላት በዘፈቀደ እየገለጡ ጣት ያረፈበትን መውሰድ ይበቃል።

በመጨረሻ ለቢሮው ቢትዋርደንን መረጥን። ነፃው አገልግሎት ለሁለት ሰው የጋራ ካዝና ይፈቅዳል፤ ሥራ አስኪያጁና ሒሳብ ሠራተኛዋ ገቡበት። አንዱ ቢሄድ ሌላው አለ። የየራሳቸው ማስተር ፓስዎርድ በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ ፊርማና ማኅተም አርፎበት የብረት ካዝና ውስጥ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጃችን ወረቀቱን ሲያዩ «ዞሮ ዞሮ ደብተሬ ጋ ተመለስን አይደል?» ብለው ሣቁብኝ። በከፊል እውነታቸውን ነው። የባንኩን ግን ካዝናው ውስጥ አላስገቡም፤ «እሱ ከኔ ጋር ይቅር» አሉ። አልተከራከርኳቸውም፤ እኔም የራሴን ባንክ አላስገባሁም።

ሥራው የበዛው ከምርጫው በኋላ ነው። የልጁ ስም ያልተጻፈበት አካውንት አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ቆጥረን 34 አገኘን። እያንዳንዱን ከፍተን ቃሉን ለወጥን። ሁለቱ ግን ለመለወጥ በስልክ የሚላክ ኮድ ይጠይቃሉ፤ ኮዱም የሚላከው ካናዳ በገባችው ሒሳብ ሠራተኛችን የአዲስ አበባ ቁጥር ላይ ነው። ሲም ካርዱን ወንድሟ ዘንድ ትታዋለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዞልን ሊመጣ ተቀጣጥረናል።